ባለቤቴና የቀትር አበቦቿ

ባለቤቴ መቀመጥ አትችልም። ይህን የምለው ላማት ፈልጌ አይደለም፤ ራሷን ብትጠይቋት ቆማ ትመልስላችኋለች። ሻይ የምትጠጣው እየተንጎራደደች ነው። ጫማዋን የምታስረው ግድግዳ ተደግፋ ነው። እንግዳ ሲመጣ ወንበር ታቀርብለትና እሷ በሩ ላይ ትቆማለች፤ እንግዳውም «ልትወጪ ነበር እንዴ?» ብሎ ሳይመቸው ይሄዳል። ድሮ እንዲህ አልነበረችም። እንዲያውም ከሥራ መጥታ አንዴ እግሯን ከዘረጋች ማን ያስነሳታል፤ እኔና እናቷ እንስቅባት ነበር። እንዲህ የሆነችው እናቷ ካለፉ ወዲህ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሠራውም እዚያው የምንኖርበት ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ እቀመጣለሁ፣ እሷ ቀኑን ሙሉ ትቆማለች። የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። ከሕንፃው ጀርባ፣ እንፋሎት በማይጠፋበት ክፍል ውስጥ አንሶላና ጋውን ከማሽን ታወጣለች፣ ትዘረጋለች፣ ትሰበስባለች፣ ታጥፋለች። ጎህ ሲቀድ ወጥታ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያስቸግር ትመለሳለች። እሑድ ማረፍ ስትችል ሰፈሩ ጫፍ ላይ ላለ እንግዳ ማረፊያ አንሶላ ማጠብ ያዘች። ማንም አላስገደዳትም፤ ቸግሮንም አይደለም። እሑድ ቀትር ላይ ቤት ላለመገኘት ነው። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች፤ ሁለታችንም አናነሳውም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። አማቴ በመጨረሻ ዕድሜያቸው የሚኖሩት ከኛ ጋር ነበር። አልጋቸው ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ስለነበር እሳቸው ይተኛሉ፣ እኔ እሰፋለሁ፤ አንዳንዴም ክር ያማርጡልኛል፣ የደንበኞቼን ቁመናም ይተቹልኛል። አንድ ቀን ቀትር ላይ ሻያቸውን ግማሽ ጠጥተው አስቀመጡና «መስኮቱን ክፈተው» አሉኝ። ከፈትኩት። ፊታቸው ስላላማረኝ «ልጅዎን ልጥራት?» አልኳቸው። «ተዋት፣ ሥራ ላይ ናት። ማታ ትመጣ የለ» አሉ። ከዚያ ወደ ብርሃኑ ዞር ብለው ተኙ። አንድ እጅጌ ገጥሜ ቀና ስል ትንፋሻቸው የለም። ስቃይ አላየሁባቸውም፣ ቅሬታም አልሰማሁባቸውም። ማታ ለባለቤቴ ይችኑ ነገርኳት፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አንዲት አልቀነስኩም።

አላመነችኝም። ከዚያ ወዲህም ስንት ጊዜ ነገርኳት፣ አላመነችኝም። በሐሳቧ የሚታያት እናቷ እሷን ሲጠሩ፣ ሲያቃስቱ፣ በሩን በሩን ሲያዩ ነው። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ደብቄ የማባብላት ይመስላታል።

«አንተ ሁሉን ነገር ታሳምራለህ» ነው የምትለኝ።

የልብስ ሰፊ ሚስት ናትና አልፈርድባትም። ጆሮዋ ሥር ስንቱን ሸንግያለሁ። ሆዱ የገፋ ደንበኛ ሱሪው አልገባ ሲለው «ጨርቁ ነው፣ ትንሽ ይሰበሰባል» እለዋለሁ። ቀሚሱ ያላማረባትን ሴት «ትከሻሽ ላይ እንዴት አድርጎ እንዳረፈ» እላታለሁ። እጅጌው የተዛባብኝን ሰው «የዘንድሮ ፋሽን እንዲህ ነው» ብዬ ሸኝቻለሁ። ይህ የሙያው አንዱ ክፍል ነው፤ መቀስና ሜትር እንዳለ ሁሉ ምላስም አለ። ግን ደንበኛ ሌላ፣ ሚስት ሌላ። ለባለቤቴ ዋሽቼ አላውቅም። እንዲህ ስላት ደግሞ ይብሳል፤ ለደንበኞቼም «ዋሽቼ አላውቅም» ስል ሰምታኛለች።

እንግዲህ የኔ ጉዳይ ይኸው አንድ ነገር ነበር። እንድታምነኝ እፈልግ ነበር። እስካላመነችኝ ድረስ እናቷ በሐሳቧ ውስጥ በየቀኑ እያቃሰቱ ይሞታሉ፤ እሷም በየቀኑ ትሮጣለች። እኔም ተቀምጬ ስታልቅ ማየት ነው ሥራዬ።

ከመስኮቱ ውጭ፣ ከግድግዳው እስከ ግቢው በር ድረስ፣ ከአፈሩ ጠጠሩ የሚበዛ አንድ ቁራሽ መሬት አለ። ሰፈራችን ዝናብ የሚናፍቅ ሰፈር ነው። ደመና ይመጣል፣ ያንዣብባል፣ ሰው ያስጎመጃል፣ ይሄዳል። የቧንቧ ውሃ በተራ ነው፤ የመጣ ቀን ሰፈሩ በሙሉ ባልዲ ይዞ ይራወጣል። ባለቤቴ ከሐዘኑ በኋላ ይህንን መሬት መቆፈር ጀመረች። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ጎህ ሳይቀድ ቤት ውስጥ ከመንጎራደድ ውጭ መንጎራደድ ይሻላል ብላ ይሆናል። ጽጌረዳ ተከለች፣ ደረቀ። ሰፋፊ ቅጠል ያለው ነገር ተከለች፣ ሳምንት ሳይሞላው እንደ ተቃጠለ ወረቀት ሆነ። በደረቀ ቁጥር ነቅላ ሌላ ትተክላለች። ያ መሬት አንድም ቀን እፎይ ያለበት ጊዜ አልነበረም።

አንድ ምሽት በእርጥብ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ገባች። የሆስፒታሉ ዘበኛ ከጥበቃ ቤቱ ሥር ከሚያበቅለው አበባ ቆርጦ የሰጣት ነው። ቅጠሉ ቀጭን ነው፤ ላዩ አረንጓዴ፣ ጀርባው ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ወደ ላይ ከማደግ ይልቅ መሬት ለመሬት ይሳባል። ዘበኛው «ጠጠር ይወዳል፣ ፀሐይ ይወዳል። አንዴ ከያዘ ከዓመት ዓመት አለ። ውሃ አታብዢበት፣ ደግሞ አትነካኪው» ብሏታል። የመጨረሻዋን ምክር ለማን እየሰጠ እንደሆነ ቢያውቅ ባልደከመ።

ማለዳ ተከለችው። በማግስቱ ማለዳ ሥር ይዞ እንደሆነ ለማየት ሳብ አደረገችው። በሦስተኛው ማለዳ አንዱን ከነጭራሹ ነቅላ አየችውና መለሰችው።

«ተይው እንጂ» አልኳት በመስኮቱ።

«ካልያዘ ቦታ ልቀይርለት ብዬ ነው።»

«አንቺን በየቀኑ ከአልጋ እየጎተተ ተኝተሽ እንደሆነ የሚያይ ሰው ቢኖር ትተኚያለሽ?»

«እኔ መች ተኝቼ አውቃለሁ» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እውነቷን ነበር።

ግማሹ በመጎተት አለቀ። የቀረው የተረፈው ሆስፒታሉ በሽተኛ በዝቶበት እሷም በማለዳ ቀድማ መሄድ በጀመረችበት ሰሞን ነው። ረሳችው፤ ሲረሳ ያዘ። ቅጠሉ ጠጠሩ ላይ ተዘረጋ፣ እምቡጥ አወጣ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ የአንዱን ሱሪ ጠርዝ እያጠፍኩ ቀና ስል መስኮቱ ሥር ብርቱካንማ ነገር አየሁ። ጨርቅ የወደቀብኝ መሰለኝ። ከነመርፌው ወጣሁ። እምቡጦቹ ተከፍተው እያንዳንዳቸው እንደ ሻይ ሰሃን ክብ ሆነዋል፤ መሐላቸው ቢጫ፣ ዙሪያው ብርቱካንማ፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ፀሐይ ሰጥተው ፍጥጥ ብለዋል። እኔ አበባ የሚያስለቅሰኝ ሰው አይደለሁም፤ ግን ያን ጠጠር ለዓመታት ስለማውቀው ተገትሬ ቀረሁ። አሁን ይቺ ሴት ይህን አይታ ትንሽ ደስ ይላታል ብዬ የቀረውን ቀን ልቤ ተሰቅሎ ዋለ። ስትመጣ በሩ ላይ ጠበቅኳት።

«አበባሽ ፈክቷል» አልኳት።

ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሄደች። ጎንበስ አለች። ፀሐይ ገብታ ስለነበር አበቦቹ ተጠቅልለው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሆነዋል።

«ይሄ ነው የፈካው?»

«ቀትር ላይ ተከፍቶ ነበር። አሁን ነው የተከደነው።»

ቀና ብላ ያችን የማውቃትን አስተያየት አየችኝ፤ ሱሪው ጠቦት «ጨርቁ ነው» የተባለ ሰው አስተያየት። «እሺ» አለችና ገባች። እሺታዋ አንጀቴን አሳረረው፤ ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ነገሩ የአበባው ጠባይ ነው። ጠንካራ ፀሐይ ካልመታው አይከፈትም። ፀሐይዋ ዘወር ስትል ወይም ደመና ሲሸፍናት ይከደናል። ባለቤቴ ስትወጣ ገና አልነቃም፣ ስትመለስ ተኝቷል። ቀትር ላይ ደግሞ እሷ የለችም። የሚያየው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ሁሉን ነገር የማሳምር ሰው ነኝ።

እልህ ያዘኝ። አንድ ቀን ቀትር ላይ አንዱን ቆርጬ ብርጭቆ ውስጥ ውሃ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ቤት ውስጥ እንደገባ ይከደን ጀመር፤ ማታ ስትመጣ እንጨት ላይ የተጠቀለለ ክር ነው የሚመስለው። «ለምን ቆረጥከው?» ብላ ተቆጣች። ሌላ ቀን ቀሚስ ልትለካ የመጣች ልጅ በስልኳ ፎቶ እንድታነሳልኝ ለመንኩ። ልጅቷ ጥሩ አነሳሁ ብላ ስልኩን አበባው ላይ ደቅናበት ግድግዳውም፣ መስኮቱም፣ ጠጠሩም ጠፋ። ማታ በጎረቤት ስልክ አስልኬ አሳየኋት። ስልኩን ራቅ አድርጋ አየችው።

«ከኢንተርኔት ነው ያወረድከው» አለች።

«እኔ ኢንተርኔት የት አውቃለሁ?»

«ለዚህማ ታውቅበታለህ።»

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። እሷ ግን አበባው እንዲህ የሚጨማደደው ተጠምቶ ነው ብላ አሰበች፤ ቆማ ከማየት አንድ ነገር ማድረግ ይቀላታልና ማለዳ ማለዳ እኔ ሳልነቃ ከልብስ ማለቅለቂያ የተረፈውን ውሃ ትገለብጥበት ጀመር። እኔ ደግሞ ጠጠሩ ለምን እርጥብ ሆነ እያልኩ ቧንቧው ያፈሳል ብዬ ስመረምር ሰነበትኩ። ቅጠሉ ከሥሩ ጠቁሮ መላቀቅ ሲጀምር ነው የገባኝ።

«ውሃ እያጠጣሽው ነው?»

«ተጠምቷል። አታየውም እንዴ ኩርምት ብሎ?»

«አልተጠማም። ማታ ስለሆነ ነው። ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

«የተጠማ ነገር አውቃለሁ» አለች፣ ባልዲውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው እያዛወረች። «አንተ ደህና ነው ስላልከኝ ደህና አይሆንም።»

ይህን ስትል ስለ አበባው ብቻ እንዳልነበር ሁለታችንም አውቀናል። ባልዲውን ተቀበልኳት። አልታገለችኝም። ከግቢው አጥር ጋር ያለው ግማሽ በስብሶ ሄደ፤ መስኮቱ ሥር ያለው ተረፈ።

በዚህ መሐል አከራያችን መጣ። ሰፈሩ «ሲሚንቶ» ነው የሚለው። ያሉትን ግቢዎች ሁሉ ወለላቸውን በሲሚንቶ ሞልቷል፤ አፈር ሲያይ ይጨንቀዋል። ክፉ ሰው አይደለም። በሐዘናችን ጊዜ ወንበር ተሸክሞ ያመጣው እሱ ነው። አንድ ምሽት አዲስ ፒካፑን ደጃችን አቁሞ ገባና መሬቱን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

«ይቺን ልሞላት ነው» አለ። «መኪናዋን እዚህ ነው የማሳድራት።»

«አበባ አለበት፣ ጋሼ።»

«የቱ ጋ?»

መሽቶ ነበርና ሁሉም ተከድነዋል። የእጅ መብራት አምጥቼ ባበራ የባሰ ነው የሚመስሉት። «ቀትር ላይ ይምጡና ይዩት» አልኩት።

«እሑድ ቀትር ላይ እመጣለሁ። አበባ ካየሁ እኔ ምን አግብቶኝ እነቅላለሁ። ካላየሁ ግን አሸዋ ይራገፋል» አለና ሄደ።

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ተመላለሰችበት።

«የማይከፈት አበባ ላሳይህ ብለህ ቀጠርከው?»

«ይከፈታል።»

«እኔ ነኝ የምለምነው» አለች። «እሑድ አልሄድም። ቆሜ እለምነዋለሁ።»

ልብ በሉ፣ ቀትር ላይ ቤት ልትቀር የወሰነችው ስላመነችኝ አይደለም፤ ስላላመነችኝ ነው። እኔ ግን ምን ገዶኝ። ትቅር ብቻ። ታያለቻ።

እሑድ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። እኔ በልቤ እየዘፈንኩ ነበር፤ እሷ ግን ቀኑ ወደ ቀትር በተጠጋ ቁጥር ታጥባ የነበረውን ብርጭቆ ደግማ አጠበች፣ ተጣጥፎ የነበረውን አንሶላ ዘርግታ አጠፈች፣ አማቴ ይተኙበት የነበረውን አልጋ ጠጋ ብላ ዘወር አለች። አሁን የክርና የጨርቅ ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ፤ እሷ ግን ዛሬም ዕቃ አታኖርበትም። አንዴ በር ላይ፣ አንዴ ምድጃ ጋ፣ አንዴ ደጅ። «እባክሽ ቁጭ በይ» ብላት ጭራሽ መጥረጊያ አነሳች። አበቦቹ ጫፍ ጫፋቸውን ማላቀቅ ጀምረው ነበር። ትንሽ ጊዜ ብቻ ነበር የቀረን።

ያኔ ነው ደመናው የመጣው።

ከተራራው በኩል ተነስቶ እየጠቆረ ሰማዩን ሸፈነው። ሰፈሩ ነፍስ ዘራ። ጎረቤቶች ባልዲና ጀሪካን ተሸክመው ወጥተው በየቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ደረደሩ። ልጆች መንገዱ ላይ ይሯሯጣሉ። የወዲያኛው ግቢ ሴትዮ በአጥሩ በኩል አንገቷን አውጥታ «ዛሬስ አይቀርልንም» አለችኝ። «አይቀርም» አልኩ፣ በልቤ ግን እባክህ ቅር እያልኩ። ዓመት ሙሉ ዝናብ ስለምን የኖርኩ ሰው ያችን ሰዓት ደመና እረግም ነበር። ቢሰሙኝ ጎረቤቶቼ ይደበድቡኛል። መላቀቅ የጀመሩት አበቦች መልሰው ጭብጥ አሉ። ባለቤቴ ሰማዩን አላየችም። እኔን ነው ያየችው።

ሲሚንቶ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጠሮው ሰዓት ደረሰ።

«እሺ፣ የታሉ?» አለ።

«እነዚህ ናቸው ጋሼ። ደመናው ነው እንጂ ፀሐይ ሲመታቸው ይከፈታሉ።»

ጎንበስ ብሎ አያቸውና ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ያችን ኮት ስትሰጠኝም ሲለበስ ይለቃል ብለኸኝ ነበር። እስካሁን እጄን ማንሳት አልቻልኩም።» ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረ። «እህቴ፣ አንቺ ሲከፈቱ አይተሻቸዋል?»

«እኔ አላየሁም» አለች።

«እና የሱን አፍ ታምኛለሽ?»

ለመለመን ተዘጋጅታ እንደነበር አውቃለሁ፤ እሱንም ረሳችው። ጎንበስ ብላ ጠጠር መልቀም ጀመረች፣ ሥራ ያላት ይመስል። ሲሚንቶም ነገር የነካ መሰለው መሰለኝ ድምፁን ቀንሶ «በቃ፣ በዚህ ሳምንት አሸዋ አስመጣለሁ» አለና ወጣ።

ሆድ ባሰኝ። በሰው ፊት «አዎ፣ አምነዋለሁ» ማለት ምን ያቅታታል? ለይስሙላ እንኳ። ቤት ገብቼ ከስፌት መኪናዬ ፊት ተቀመጥኩና ክር በሌለው መርፌ መኪናውን እየረገጥኩ አንድ ጨርቅ ዳር እስከ ዳር በሳሁት። እሷም ተከትላኝ ገባች፣ ግድግዳውን ተደግፋ ጫማዋን አሰረች፣ የሥራ ሽርጧን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ወደ እንግዳ ማረፊያው ልትሄድ ነው። አልከለከልኳትም። የሚለኝ ሰው ካለ ይበለኝ፤ ደክሞኝ ነበር።

ደመናው ደግሞ ጠባዩ ያው ነው። አንዲት ጠብታ ሳይጥል ከመሐሉ ይሳሳ ጀመር። ጎረቤቶች እያጉረመረሙ ባልዲያቸውን ሰበሰቡ። መስኮቱ ላይ ፀሐይ ወደቀች፤ እጄ ላይ፣ መቀሱ ላይ፣ አልጋው ላይ። ቀና ብዬ አበቦቹን አየሁ። አንዱ ጠርዙን ለቀቀ። ቀጥሎ ያለውም ላላ ማለት ጀመረ። ልጠራት አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ለዓመታት እዪ፣ ስሚ፣ እመኚ ስል ኖሬ በቃኝ አልኩ። ትሂድ።

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ከበሩ እስከ ግቢው መዝጊያ ድረስ የምትሄድበትን አካሄድ አውቀዋለሁ፤ ሰው የሚያባርራት ነው የምትመስለው። መሐል ላይ ስትደርስ ቀስ አለች። ጭንቅላቷን ወደ ግራ አዞረች። ከዚያ ቆመች። ከመስኮቱ ጀርባዋ ነው የሚታየኝ። ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰችም። አበቦቹ የጠበበ ሸሚዝ ቁልፍ በቁልፍ እንደሚፈታ ቀስ እያሉ ተከፍተው ጨረሱ፤ እሷም እዚያው ናት። ቦርሳዋ ከእጇ ወረደ። በመጨረሻ ጉልበቷን አጠፈችና ከነእሑድ ቀሚሷ ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለች።

የመሬቱን ነገር እዚሁ ልጨርሰው። በማግስቱ ራሷ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ ሲሚንቶን ከምሳ ገበታው አስነስታ፣ በጠራራ ፀሐይ እያዋከበች አመጣችው። አየ። ጭንቅላቱን አከከ። አጥሩ ጋ ያለውን ግማሽ፣ ውሃ ያበሰበሰውን፣ ለመኪናው ሞላው፤ መስኮቱ ሥር ያለውን ተወልን። ኮቱንም እንዳሰፋለት ይዞ መጣ። አሰፋሁለት።

ያን እሑድ ግን ይህ ሁሉ ገና አልሆነም። አሸዋው እንደሚመጣ ነበር የምናውቀው።

«ና እስቲ» አለችኝ ዞር ሳትል።

ቂሜን እንደያዝኩ ወጣሁ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ትለኛለች ብዬ ነበር፤ አላለችኝም። አንዱን አበባ በጣቷ ጫፍ ልትነካ ትልና እጇን ትመልሳለች።

«ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?»

«ፀሐይ ባለ ቁጥር።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ። ስነግርሽ የነበረው እኮ ነው።»

እግሯ አልተወዛወዘም፤ እጇ የሚያነሳው ነገር አልፈለገም። ከእንግዳ ማረፊያው እየጠበቋት እንደሆነ ባስታውሳት ትነሳ ይሆናል ብዬ ፈራሁና ምንም አላልኩም።

«እማዬ መስኮቱን ክፈተው አለችህ?» አለችኝ ቆይታ።

«አዎ።»

«ከፈትክላት?»

«ከፈትኩላቸው።»

«ልጥራት ስትላት ምን አለች? እሷ ያለችውን በል፣ እንዳለችው።»

«ተዋት፣ ሥራ ላይ ናት። ማታ ትመጣ የለ አሉኝ።»

«ተቆጥታ ነው ያለችው?»

«አይደለም። ክር ሲያማርጡልኝ በሚያወሩበት ድምፅ ነው።»

«በሩን አላየችም?»

«መስኮቱን ነው ያዩት። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነው የተኙት። እኔ እጅጌ እየገጠምኩ ነበር፤ እንቅልፍ ነው የመሰለኝ።»

ስንት ዓመት የነገርኳት ነው፤ ያው ሻይ፣ ያው መስኮት፣ ያው እጅጌ። እሷ ግን አንዲት ቃል እንዳያመልጣት ትንፋሿን ውጣ አዳመጠችኝ። ስጨርስ ማልቀስ ጀመረች፤ በቀብሩ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም፣ በቀብሩ ቀን ሰው ስታስተናግድ ነው የዋለችው። ትከሻዬ ላይ ተደግፋ፣ አፍንጫዋን ከቦርሳዋ ባወጣችው ሽርጥ እየጠረገች፣ ፀሐይዋ ወደ አጥሩ እስክትጠጋ አለቀሰች። አበቦቹ አንድ በአንድ መከደን ጀመሩ።

ከዚያ ቀና አለችና ያበጠ ዓይኗን ፊቴ ላይ ተከለች። የተቀየመች ትመስላለች።

«ታዲያ እንዲህ ከሆነ ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም?»

ስንቱ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ያነጋሁባቸው ሌሊቶች፣ የደጋገምኳቸው ቃላት፣ «አንተ ሁሉን ነገር ታሳምራለህ» የተባልኩባቸው ምሽቶች። ሁሉንም ዋጥኩት።

«ረስቼው ነው» አልኳት።

ይቺን ወዲያው አመነችኝ።